መንገድ ሲዘጋ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ፦ የወጣት ተመራማሪዎች ቡድን እንዳይበተን ምን ይደረግ?

ይህ መመሪያ ከ5 እስከ 15 የሚሆኑ የማስተርስና የፒኤችዲ ተማሪዎችን ወይም ጀማሪ መምህራንን ለሚያስተባብር ሰው የተጻፈ ነው። አድቫይዘርም ሆነ ከተማሪዎቹ አንዱ፣ ሥራው ያው ነው። ቡድኖች የሚወድቁት ደግሞ በተመሳሳይ ቦታ ነው፦ የሁሉም ስልክ ቁጥር ያለው ቴሌግራም ውስጥ ነው፤ ዳታው ያለው አንድ ላፕቶፕ ላይ ነው፤ ፕሮፖዛሉ የሚያውቀው አንድ ወረዳ ብቻ ነው። ነገር ሲደፈርስ ሦስቱም በአንድ ቀን ይታጣሉ።

## ከመጀመራችሁ በፊት፦ ለስንት ጊዜ ነው የምትዘጋጁት?

ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በኋላ ኢንተርኔት በአገር ደረጃ ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቶ ነበር። ትግራይ ውስጥ ከጥቅምት 2013 መጨረሻ ጀምሮ ስልክ፣ ባንክና ኢንተርኔት በአብዛኛው ቦታ ለሁለት ዓመት ያህል ተቋርጠዋል። አማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ጥሪ በሚሠራበት ከተማ እንኳ የሞባይል ዳታ ለወራት አልነበረም። ስለዚህ ዝግጅታችሁ ሦስት ልክ ይኑረው፦ ለ3 ቀን፣ ለ3 ሳምንት፣ ለአንድ ሴሚስተርና ከዚያ በላይ። ለ3 ቀን ስልክ ይበቃል። ለ3 ሳምንት የወረደ ጽሑፍና ጥሬ ብር ይጨመራል። ለሴሚስተር ግን ሁለተኛ የጥናት ቦታና በማኅተም የተደገፈ ወረቀት የግድ ነው።

ከደረጃ 1 እስከ 4 ያለውን ሰላም በሆነ ሳምንት ጨርሱት።

## ደረጃ 1፦ የስልክ ሰንሰለት

የሚያስፈልገው አንድ ምሽት፣ አንድ ወረቀትና እስክሪብቶ ነው።

1. ለእያንዳንዱ አባል አራት ነገር ጻፉ፦ የሚጠራበት ስም፣ የራሱ ስልክ፣ በአካል ሊያገኘው የሚችል የሌላ ሰው ስልክ (እናት፣ ወንድም፣ አከራይ) እና ያለበት ዶርም ወይም ሰፈር። ብሔር፣ ሃይማኖትና የጥናት ርዕስ አይጻፍ። ወረቀቱ አንድ ቀን የማይመለከተው ሰው እጅ ይገባል ብላችሁ አስባችሁ ጻፉት።
2. ሙሉው ዝርዝር ሁለት ሰው ቤት ብቻ ይቀመጥ። ሌላው አባል በኪሱ የሚይዘው የራሱን ምድብ ቁጥሮች ብቻ ነው። ኬላ ላይ የ15 ሰው ስምና ስልክ የያዘ ወረቀት ከተገኘ ማብራሪያ ያስጠይቃል፤ የሁለት ጓደኛ ስልክ ግን ማንም ሰው ይይዛል።
3. ቡድኑን ሦስት ሦስት አድርጋችሁ መድቡ። ሁለት ሁለት ከሆነ የአንዱ ስልክ ሲጠፋ ሌላው ብቻውን ይቀራል። ሦስቱም የአንድ ዶርም ወይም የአንድ አካባቢ ልጆች አይሁኑ፤ ኔትወርክ የሚጠፋው በአካባቢ ነው።
4. ሰዓት ቁረጡ። ለምሳሌ፦ ግርግር በተሰማ ዕለት ማታ 1 ሰዓት ላይ እያንዳንዱ ለሁለቱ የምድብ ጓደኞቹ ኤስኤምኤስ ይልካል። ከምድቡ አንዱ ማታ 2 ሰዓት ላይ ለአስተባባሪው ያሳውቃል። ውጭ አገር ያለ አባል ካላችሁ «ጠዋት» ወይም «ማታ» የሚለውን ቃል አትዝለሉ፤ 2 ሰዓትን በፈረንጅ አቆጣጠር የሚቆጥር ሰው አይጠፋም።

ኤስኤምኤሱ አጭር ይሁን። በፊደላችን የተጻፈ አንድ ኤስኤምኤስ የሚይዘው 70 ምልክት ነው፣ ክፍት ቦታም ይቆጠራል። ከ70 ካለፈ ተቆራርጦ ይሄዳል፤ ኔትወርክ ሲደክም ደግሞ ግማሹ ደርሶ ግማሹ ይቀራል። «ደህና ነኝ። ዶርም ነኝ። ነገ ጠዋት 2 ሰዓት እደውላለሁ።» ከነክፍት ቦታው 36 ነው፤ ከዚህ በላይ ማለት አያስፈልግም። የምሥጢር ኮድ አትፍጠሩ። ስልክ ሲፈተሽ «ቁጥር 3 ደርሷል» የሚል መልእክት ከምንም በላይ ጥርጣሬ ይጠራል።

ምላሽ ካልመጣ፦ እስከ 24 ሰዓት የራሱን ቁጥር ሞክሩ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ቁጥር ደውሉ። 48 ሰዓት ካለፈ አስተባባሪው ለቤተሰብ ይደውል፣ ሌላው አይደውል። ለአንዲት እናት አምስት ሰው እየተፈራረቀ «ልጅሽ አለ ወይ?» ብሎ ሲጠይቃት የሚፈጠረውን ድንጋጤ አስቡት። ፎቶ አንሥቶ «ጠፋብን» ብሎ ፌስቡክ ላይ መለጠፍ ቤተሰቡ ሳይፈቅድ አይደረግም።

## ደረጃ 2፦ ዳታን ማባዛት

ከዚህ መመሪያ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ሥሩ። መንገድ ነገ ይከፈታል፤ የጠፋ ቃለ መጠይቅ ግን ተመልሶ አይገኝም።

ሦስት ቅጂ። አንዱ ላፕቶፕ ላይ፣ አንዱ ሌላ ከተማ ወይም ቢያንስ ሌላ ቤት ባለ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንዱ ኢንተርኔት ላይ። ቀን ወስኑ፣ ሐሙስ ማታ ይሁን እንበል። «በየጊዜው» የሚባል ቀን የለም።

ፍላሽ ስትገዙ ፎርማቱን አረጋግጡ። ፋት32 ሆኖ የተሠራ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የበለጠ አንድ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ረጅም ቪዲዮ ወይም ትልቅ የሳተላይት ምስል ያለው ሰው ኮፒው መሐል ላይ ሲቆም «ፍላሹ ሞላ» ብሎ ይተወዋል። ባዶ ሳለ ወደ ኤክስፋት ቀይሩት።

ፎቶ ኮፒ ቤት የዳታ ፍላሽ አይገባም። ለኅትመት ፒዲኤፍ ብቻ የሚይዝ ሌላ ትንሽ ፍላሽ ይኑራችሁ። ፎልደሮቻችሁ በሙሉ ድንገት ሾርትከት ሆነው ካገኛችኋቸው ቫይረስ ነው፤ አትጫኗቸው፣ ፎርማትም አታድርጉ። ፋይሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ተደብቀው እንጂ ጠፍተው አይደለም። ሊኑክስ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ክፈቱት፣ ወይም የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጋችሁ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡ።

ስምና መልስ አይደባለቁ። እያንዳንዱ ተጠያቂ ኮድ ይሰጠው፦ ተ01፣ ተ02 እያለ። የትኛው ኮድ የማን እንደሆነ የሚያሳየው ዝርዝር ከዳታው ጋር በአንድ ፍላሽ ላይ አይቀመጥ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ፤ ከአዋጁ በፊት ግን ያመናችሁ ሰው አለ። ስለ መፈናቀል፣ ስለ መሬት ወይም ስለ ቀበሌ አስተዳደር ያወራችሁ ገበሬ ድምፁ ስልካችሁ ላይ እያለ ኬላ ብታልፉ፣ የሚጋለጠው እሱ ነው።

ቅጂ ከስልክ ሲወጣ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ገልብጡ፤ ሃርድ ዲስኩ ላይ የመጨረሻውን ፋይል ከፍታችሁ እስከ መጨረሻው አዳምጡ፤ ከዚያ ከስልኩ ሰርዙ። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ይዘለዋል። ግማሽ የተገለበጠ ፋይል በስሙ ከሙሉው አይለይም።

መቆለፍ። ቬራክሪፕት በነፃ የሚገኝ ነው፤ የቃለ መጠይቅ ፎልደሩን እንደ አንድ የተቆለፈ ሣጥን ያደርገዋል። የይለፍ ቃሉ ከጠፋ ግን ማንም አይከፍተውም። ስለዚህ ቃሉን በታሸገ ፖስታ ለአድቫይዘሩ አስረክቡ፣ ፖስታው ላይ ፈርሙበት።

በስልክ መጠይቅ ለምትሞሉ፦ ኮቦኮሌክት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ባዶው ቅጽ ግን ከመሄዳችሁ በፊት መውረድ አለበት። የተሞላው ቅጽ እስኪላክ ድረስ ስልኩ ውስጥ ይቆያል። «ስልኬ ሞላ» ብሎ አፑን የሚያጠፋ ወይም ዳታውን የሚያጸዳ መጠይቅ ሞዪ የሁለት ሳምንት ሥራ ይዞ ይሄዳል። ይህንን ለእያንዳንዱ በቃል ንገሩ፤ ወረቀት ላይ ተጽፎ ማንም አያነበውም።

ጂሜይል ስትከፍቱ ኮድ በኤስኤምኤስ የሚመጣላችሁ ከሆነ፣ ቁጥራችሁ ሲዘጋ ኢሜይሉም ይዘጋል። ጎግል 10 ባለ 8 አኃዝ መጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣል። ዛሬ አትሙና ከዲግሪያችሁ ጋር አስቀምጡ።

ዞቴሮ የተባለውን የዋቢ ማደራጃ ፕሮግራም የምትጠቀሙ፣ ነፃው የኢንተርኔት ቦታ 300 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ፒዲኤፍ ቶሎ ይሞላዋል። ፕሮግራሙን ዝጉና የዞቴሮን ፎልደር እንዳለ ገልብጡ። ፕሮግራሙ ክፍት እያለ የተገለበጠ አንዳንዴ አይከፈትም።

በመጨረሻ እያንዳንዱ አባል አሁን ለሚጽፈው ቻፕተር ከ30 እስከ 40 ጽሑፍ አውርዶ ይያዝ። በቤተ መጻሕፍታችሁ በኩል የጥናት ጽሑፎች የሚገኙበት ሪሰርች ፎር ላይፍ (ሂናሪን ጨምሮ) ካለ ከዚያ ጀምሩ።

## ደረጃ 3፦ ሁለተኛ የጥናት ቦታ

1. እያንዳንዱ ፕሮፖዛል ሀ፣ ለ እና ሐ ይኑረው። ሀ የመጀመሪያው ቦታ ነው። ለ በሌላ መንገድ የሚደረስበት፣ ጥያቄው ግን ሳይቀየር የሚሠራበት ሌላ ወረዳ ነው። ሐ ከቤት ሳይወጡ የሚሠራ ነው።
2. የመቁረጫ ቀን ጻፉ። «እስከ ኅዳር 30 መንገዱ ካልተከፈተ ወደ ለ እንዞራለን።» ቀን ካልተጻፈ ተማሪው በየሳምንቱ «የሚቀጥለው ሳምንት ይሻላል» እያለ ሴሚስተሩ ያልቃል።
3. ቦታ ስትቀይሩ ለሥነ ምግባር ኮሚቴውና ለዲፓርትመንቱ በጽሑፍ አሳውቁ፣ የተመዘገበበት ቁጥር ያለውን ቅጂ ያዙ። በቃል የተፈቀደ ለውጥ ዲፌንስ ቀን «ርዕሱ ሌላ ነው» የሚል ፈታኝ ፊት አይቆምም።

ሐ ምን ሊሆን ይችላል? ምሥራቅ ጎጃም ስለ ጤፍ ምርት ሊያጠና የነበረ ተማሪ አለ እንበል። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ከዓለም ባንክ ጋር የሚሠራው የሶሺዮኢኮኖሚክ ሰርቬይ ከእ.ኤ.አ. 2011/12 ጀምሮ በተለያዩ ዙሮች ተሰብስቧል፤ የእ.ኤ.አ. 2021/22ቱ ዙር ትግራይን ስለማያካትት ክልሎችን የሚያነጻጽር ሰው ይጠንቀቅ። የዝናብ መጠን ቸርፕስ በሚባለው የዝናብ ዳታ ይገኛል። የሴንቲኔል-2 የሳተላይት ምስል በየ5 ቀኑ በ10 ሜትር ጥራት በነፃ ይወርዳል። ጤና ላይ ላለ ሰው የእ.ኤ.አ. 2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ አለ፣ ግን ዳታውን ለማውረድ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ፈቃዱም ሊዘገይ ስለሚችል ኢንተርኔት ሳለ ጠይቁ።

ማስጠንቀቂያ፦ «ወረዳው ከተዘጋ፣ የዚያው ወረዳ ሰዎች ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ አሉ፣ እነሱን እጠይቃለሁ» የሚል ሐሳብ ይመጣል። የተፈናቀለ ሰው ቀዬው የቀረውን ሰው አይወክልም፤ ጥያቄውም፣ የናሙናው አወሳሰድም፣ የሥነ ምግባር ፈቃዱም እንደ አዲስ ይሠራል። አቋራጭ አይደለም።

የትብብር ደብዳቤ ስትይዙ ቀኑን እዩ። ባለፈው ዓመት የተጻፈ ደብዳቤ ካለመያዝ ይብሳል። ዋናው ማኅተም ያለበት አንድ፣ ኮፒ ሦስት፦ ለዞን፣ ለወረዳ፣ ለቀበሌ። ጂፒኤስ ከያዛችሁ ደብዳቤው ላይ በስም ይጠቀስ። ድሮን ቤት ይቅር።

## ደረጃ 4፦ ስብሰባና የቴሌግራም ግሩፕ

ስብሰባው በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በተወሰነ ሰዓት፣ ከ50 ደቂቃ ያልበለጠ ይሁን። በየተራ አንድ ሰው 2 ገጽ ያቀርባል። ዲፓርትመንቱ በሚያውቀው ክፍል ይሁን፣ በጽሑፍም አሳውቁ፤ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ባለበት ወቅት የሰዎች መሰባሰብ ራሱ ፈቃድ ሊያስፈልገው ይችላል። ሰው ቀንሶ ሦስት ብቻ ቢመጣም ይካሄድ።

ሁለት ግሩፕ ክፈቱ፦ አንዱ የሥራ፣ አንዱ የቡና። በሥራው ግሩፕ ዜና አይገባም፣ የማንም ወገን ዜና። «የእኛ ሰፈር ዜና እውነት ነው፣ የእነሱ ፕሮፓጋንዳ ነው» የሚባለው እዚህ ላይ ይጀምራልና ደንቡ ሁሉንም በእኩል ይከልክል። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ማሰራጨትን ይመለከታል፤ «እኔ አልጻፍኩትም፣ ያስተላለፍኩት ነው» ብሎ መከራከር አያስተማምን።

የቴሌግራም ግሩፕ ከጫፍ እስከ ጫፍ (ከላኪና ከተቀባይ ሌላ ማንም እንዳያነበው) የተመሰጠረ አይደለም። እንዲያ የሆነው በሁለት ሰው መካከል የሚከፈተው ምሥጢራዊ ቻት ብቻ ነው። የአንድን አባል ያለበት ቦታ፣ እስር ወይም ሕመም የሚመለከት ነገር ግሩፕ ላይ አይጻፍ፤ ሲግናል በሚባለው አፕ ወይም በአካል ይነገር።

ቡድኑን የሚያቆስል መልእክት ሲመጣ ቅደም ተከተሉን አታዛቡ፦

1. ግሩፑ ላይ መልስ አትስጡ፣ ስሜት የሚገልጽ ምልክትም አትጫኑ።
2. በአንድ ሰዓት ውስጥ ለጻፈው ሰው ደውሉ። በጽሑፍ አይሆንም፣ ድምፅ ይሰማ። መጀመሪያ «ቤተሰብ ደህና ነው?» በሉ። ብዙ ጊዜ ደህና አይደለም።
3. መልእክቱን ራሱ እንዲያጠፋው ጠይቁ። አስተባባሪው ካጠፋው ነገሩ ሌላ ክርክር ይሆናል።
4. የተጎዱትን ለየብቻ ደውሉላቸው።
5. በሚቀጥለው ስብሰባ ደንቡን በአንድ ዐረፍተ ነገር አስታውሱ፣ ስም ሳትጠሩ፣ ወደ ሥራ ግቡ።

ሁለት ስህተት ቡድን ያፈርሳል። አንዱ በንዴት ከግሩፕ ማስወጣት ነው፤ የወጣው ሰው የአካባቢውን ልጆች ይዞ ይወጣል። ሁለተኛው አንድን አባል «በወገንህ ስም አውግዝ» ማለት ነው። ማንም ተማሪ የክልሉ ቃል አቀባይ ሆኖ አልተመዘገበም።

ለቅሶ ከደረሰ ግን ሁሉም ይሂድ። መንገድ ከተዘጋ ደውሎ «እግዜር ያጥናህ»፣ ሙስሊም ከሆነ «አላህ ሶብሩን ይስጥህ» ማለት አይቅር። የድራፍት ቀኑ እስኪጠይቅ ሳይጠበቅ ይራዘምለት።

## ደረጃ 5፦ ጥሬ ብር

በየወሩ አነስተኛ መዋጮ ሰብስቡ፣ እንደ ዕድር። ግማሹ በባንክ፣ ግማሹ በጥሬው ይቀመጥ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌብርም ኤቲኤምም አይሠሩም። ሁለት ሰው ይፈርምበት። የአንድ ሰው ጣሪያ አስቀድሞ ይወሰን፦ የአውቶብስ ትኬትና የ5 ቀን ምግብ ይበቃል። «ለምን ፈለግከው?» አይባልም። ውጭ ያለ ወዳጅ ሊረዳ ቢፈልግ ለተቸገረው ሰው በቀጥታ ይላክ፤ የቡድን ገንዘብ በአስተባባሪ የግል ሒሳብ መግባቱ ኋላ ጥያቄ ያመጣል።

## ደረጃ 6፦ ግቢ ለቅቆ መሄድ ሲመጣ

1. በመጀመሪያው ቀን አትንቀሳቀሱ። በሰኔ 2016 ገብረ ጉራቻ አካባቢ ታግተው የነበሩት በአውቶብስ ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ተማሪዎች ነበሩ። መንገዱን በዚያው ሳምንት ያለፈበት ሰው ሳይጠየቅ ትኬት አይቆረጥ።
2. ቢያንስ ሦስት ሆናችሁ፣ በቀን፣ የታርጋ ቁጥሩንና መነሻ ሰዓቱን ለምድብ ጓደኛ ልካችሁ ሂዱ። ከደረሳችሁ በኋላ ደውሉ።
3. ከመውጣታችሁ በፊት የዊዝድሮዋል (በፈቃድ ትምህርት ማቆሚያ) ፎርም ሙሉና ማኅተም ያለበትን ቅጂ ያዙ። ሳይሞላ የሄደ ተማሪ ሬጅስትራር ዘንድ ትምህርቱን ያቋረጠ ሆኖ ይቆጠራል፤ ለመመለስ ሲመጣ «ጦርነት ነበር» ማለቱ ብቻውን አይበቃም።
4. የውጤት ወረቀት፣ የመግቢያ ደብዳቤ፣ የጸደቀ ፕሮፖዛልና መታወቂያ ስካን ተደርገው ደረጃ 2 ላይ ባሉት ሦስቱም የዳታ ቅጂዎች ውስጥ ይግቡ። ግንኙነት ከተቋረጠ ሬጅስትራሩን ማንም አያገኘውም።

ሳይሞሉ ከወጡ፦ ቀን ያለበት ማመልከቻ በኢሜይልም በሰው እጅም ለዲፓርትመንቱ ላኩ፣ የሴኔት ሕጉ ያስቀመጠውን የጊዜ ገደብ ጠይቁ። ዘግይቶ የገባ ማመልከቻ ካልገባ ይሻላል።

## ደረጃ 7፦ አባል ሲታሰር

የት ጣቢያ እንዳለ በቤተሰብ በኩል አረጋግጡ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(3) የታሰረ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ይላል፣ የጉዞ ጊዜ ሳይቆጠር፤ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት ግን ይህ ሊታገድ ስለሚችል ጠበቃው አዋጁን ያንብብ። የተያዘበት ሰዓትና ቀን ይመዝገብ። ምግብና ልብስ የሚያደርስ አንድ ሰው ይመደብ፣ ተመላላሽ አይብዛ። ዩኒቨርሲቲው የተማሪነት ማረጋገጫ ደብዳቤ እንዲጽፍ ጠይቁ። ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ማመልከትም ይቻላል። ዘመቻ መክፈት አለመክፈት የቤተሰቡና የጠበቃው ውሳኔ ነው።

## ደረጃ 8፦ ውጭ መጠለያ ለሚፈልግ

ስኮላርስ አት ሪስክ፣ እንግሊዝ ያለው ካራ፣ የጀርመኑ ፊሊፕ ሽዋርትዝ እና ስኮላር ሬስኪው ፈንድ አደጋ ላይ ያሉ ምሁራንን ከሚረዱት የታወቁት ናቸው። ጥቂቱ ብቻ ነው ለወጣት የሚሆነው፦ ፊሊፕ ሽዋርትዝ የተጨረሰ ፒኤችዲ ይጠይቃል፣ ስኮላር ሬስኪው ፈንድም ፒኤችዲ ወይም በመስኩ የመጨረሻውን ዲግሪ። ገና ተማሪ ለሆነ ሰው የጀርመኑ ሂልደ ዶሚን ፕሮግራም በእ.ኤ.አ. 2021 ተጀምሯል፤ ራስን ማመልከት ሳይሆን ጀርመን ያለ ተቋም ነው የሚያጨው። በምታመለክቱበት ዓመት እየተቀበሉ መሆኑን አረጋግጡ። «አገሩ ሰላም የለውም» የሚል ማመልከቻ ይወድቃል፤ የሚፈለገው በዚህ ሰው ላይ የደረሰ ነገር፣ ቀንና ማስረጃ ነው። መልሱ ወራት ይወስዳል። አንዳቸውም የማመልከቻ ገንዘብ አይጠይቁም፤ ገንዘብ የጠየቀ ደላላ ነው።

## ሲረጋጋ

በመጀመሪያው ሳምንት ከማንም ቻፕተር አትጠይቁ። ከእያንዳንዱ አንድ ገጽ ብቻ፦ የት ደርሼ ነበር፣ ምን ጠፋብኝ፣ ምን ቀረኝ። ከዚያ ማራዘሚያ የሚያስፈልጋቸውን ለይታችሁ ማመልከቻቸውን አንድ ላይ አስገቡ። የሃርድ ዲስኩን ቅጂ ክፈቱና ይሠራ እንደሆነ እዩ። የስልክ ዝርዝሩንም እንደ አዲስ ጻፉ፣ በእንዲህ ያለ ወር ሲም ያልቀየረ ጥቂት ነው። የድሮውን ወረቀት ቅደዱት።